ዲያሎግ የሌለው ፊልማችሁን ለሰው ስታሳዩ ስክሪኑን ሳይሆን ሰዉን እዩ

በኪሳችሁ ገንዘብ ዲያሎግ የሌለው ኤክስፐሪመንታል (የተለመደውን የታሪክ አነጋገር የማይከተል) ሾርት ፊልም ሰርታችሁ ከጨረሳችሁ ፌስቲቫል ምናምን ከመላካችሁ በፊት ሰው ሰብስባችሁ አሳዩት። ወሬ ያለበት ፊልም ላይ ተመልካች ቢሰለቸውም ጆሮው እየሰማ ይቆያል፣ ንግግር የሌለው ላይ ግን ቀልቡ አንዴ ከሄደ የሚመልሰው የለም፣ ስለዚህ የእናንተ ስራ የትኛው ሰከንድ ላይ እንደሄደ ማወቅ ነው። ይሄን ደግሞ ጠይቃችሁ አታገኙትም። ይሉኝታ አለ፣ ሰዉ ፊት ለፊት "አልወደድኩትም" አይላችሁም፣ "አሪፍ ነው በርቱ" ይልና ይሄዳል። ጨለማ ውስጥ ግን ማንም ይሉኝታ የለውም፣ ሰውነቱ ይናገርበታል።

ሲኒማ ቤት እስኪፈቅድላችሁ አትጠብቁ። አሜሪካ ውስጥ ትሰራ የነበረችው የኤክስፐሪመንታል ፊልም ሰሪ ማያ ዴረን ከባሏ ጋር በ1943 እ.ኤ.አ. በ275 ዶላር ገደማ የሰራችው ሜሽስ ኦፍ ዚ አፍተርኑን የሚባል ፊልም 14 ደቂቃ ነው፣ ዲያሎግ የለውም፣ ሙዚቃው እንኳን በ1959 ነው የተጨመረበት። በ1946 ኒውዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ፕሮቪንስታውን ፕሌይሃውስ የሚባል ትንሽ ቲያትር ተከራይታ ራሷ አሳየችው፣ ሰዉም ጎረፈ። ስፔናዊው ዳይሬክተር ሉዊስ ቡኙኤል ደግሞ በእናቱ ብር የሰራውን ኧን ሺየን አንዳሉ የሚባል አጭር ፊልም በ1929 ፓሪስ ሲያስመርቅ ከስክሪኑ ኋላ ቆሞ ሸክላ ያጫውት ነበር፣ ሰዉ ከተነሳበት ልወረውር ብሎ ኪሱን ድንጋይ ሞልቶ እንደነበር ራሱ ፅፏል። ሰዉ ግን አጨበጨበለት። ድንጋዩ ይቅርባችሁ፣ እዛው ከተመልካቹ ጋር መሆኑን ግን ውሰዱለት።

15 ሰው ገደማ ይበቃል። የፊልም ጓደኞቻችሁን አታብዙ፣ እነሱ ሾቱን እና ካሜራውን ነው የሚያዩት፣ አንዳንዱማ እንዲያውም "እኔ ብሆን" እያለ ነው የሚያየው። ጎረቤት ጥሩ፣ የጓደኛ አክስት ጥሩ፣ ከስራ ደክሞት የመጣ ሰው ደግሞ በጣም ጥሩ፣ እሱን ካላስተኛ ፊልሙ የሆነ ነገር አለው ማለት ነው። መስኮቱን በጋቢም ቢሆን ሸፍኑት፣ ፕሮጀክተር በደንብ ካልጨለመ ጥቁሩ ግራጫ ይሆንና የማታ ሾቶቻችሁ ይጠፋሉ። ድምፅ በላፕቶፕ ስፒከር እንዳትሞክሩት! ንግግር የሌለው ፊልም ውስጥ የእግር ኮቴ እና የበር ሲጥሲጥታ ናቸው የሚያወሩት፣ ውጪ ጀነሬተር እየጮኸ ከሆነ ግማሹ ፊልም አልታየም በሉት።

ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር ብቻ ተናገሩ፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እና ንግግር እንደሌለው። ሁለተኛውን ካልነገራችሁ ሰዉ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች "ድምፁ ተበላሽቷል እንዴ?" እያለ ዞር ዞር ሲል ነው የሚያሳልፈው፣ እናንተ ደግሞ ፊልሙ ነው የከበደው ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ስለ ፊልሙ ሀሳብ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍሱ። ስልክ አጥፉ ማለትም አያስፈልግም፣ የስልክ መብራት እኮ ከሁሉም የበለጠ መለኪያችሁ ነው፣ አንድ ሰው ካወጣ ምንም አይደለም ምናልባት ሚስቱ ደውላ ይሆናል፣ አንድ ቦታ ላይ አራት ሰው ካወጣ ግን እዛ ጋ ፊልሙ ሞቷል።

ከፊት ጥግ ላይ ፊታችሁን ወደ ሰዉ አዙራችሁ ተቀመጡ። የስልካችሁን ሰዓት ከፊልሙ ጋር እኩል አስነሱና ወረቀት ላይ ደቂቃውን እና የሆነውን ብቻ ፃፉ፣ 2፡40 ሳል፣ 4፡10 ወንበር ተንቀሳቀሰ፣ 6፡05 ሳቅ፣ እንደዚህ። ትርጉሙን እዛው አትፃፉ፣ በኋላ ነው እሱ።

ትርጉም ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። እኛ የሰራነው 11 ደቂቃ ነው፣ አንድ ሽማግሌ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ላይ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክመው ሲወጡ፣ ሌላ ምንም የለም። ሶስተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጠው ግድግዳ ተደግፈው የሚያርፉበት ረጅም ሾት አለ፣ ኤዲተራችን ቆርጠን እናሳጥረው ብሎ ሲጨቀጭቅ የነበረው። እዛ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ፀጥ አለ፣ ከዛ ከኋላ አንዲት እናት ድምፅ አውጥተው "እፎይ አባቴ" አሉ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ግን አንድም ስልክ አልወጣም። ይሄ ሳቅ ማሾፍ አይደለም፣ አብሮ ትንፋሽ የማውጣት ነው፣ ስለዚህ ሾቱ እንዳለ ቀረ። የሚያሾፍ ሳቅ ሌላ ነው፣ ሳቂው ስክሪኑን ትቶ ጎረቤቱን ያያል። ፀጥታም ሁለት አይነት ነው፣ የያዘው ሰው አይቁነጠነጥም፣ አፉን ከፈት አድርጎ ይቀመጣል፣ የሰለቸው ደግሞ ፀጥ ይልና እግሩን ያወዛውዛል። እግር እዩ። መውጣት ብዙም አያስጨንቃችሁ፣ የምር የሚሄድ ሰው ቦርሳውን ይዞ ነው የሚሄደው።

መብራት ሲበራ ወዲያው ወረቀት አድሉ፣ ስም አይፃፍበት። "ወደዳችሁት?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ይሉኝታው ተመልሶ ይመጣል። "ፊልሙን ላላየ ሰው በሶስት መስመር ንገሩት" በሏቸው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው፣ አንዱ "ውሀ የሚሸጡ ሰውዬ" ብሎ ሊፅፍ ይችላል፣ እሱ መጀመሪያ ላይ ሽማግሌው እዛ ህንፃ ላይ ነዋሪ መሆናቸውን የሚያሳይ ሾት እንደሚጎድል ነገራችሁ ማለት ነው። ሁለተኛ ጥያቄ ካስፈለገ "አይናችሁ ላይ የቀረው ምስል የቱ ነው?" በቂ ነው።

"አልገባኝም" የሚል ብዙ ይመጣል፣ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። "ሁለተኛው ልጅ የመጀመሪያው ነው እንዴ?" አይነቱ የእናንተ ችግር ነው፣ በልብስ ወይ ፊቱን ከቅርብ በሚያሳይ አንድ ክሎዝ አፕ ይስተካከላል። "እና መልዕክቱ ምንድነው?" የሚለውን ግን ዝም በሉት፣ እኛ ሰምና ወርቅ ላይ ያደግን ሰዎች ነን፣ ጀሪካን ካየን ጀሪካኑ መንግስት ነው ወይስ ሀገር ነው እያልን ወርቁን ስንቆፍር ማምሸታችን አይቀርም፣ ያ ደግሞ ሰዉ ፊልሙን ይዞት እንደወጣ ነው የሚያሳየው። ሲከራከሩ መሀል ገብታችሁ እንዳታስረዱ። የባሰ ነገር የለም፣ ዳይሬክተሩ ከተናገረ በኋላ ሁሉም "አዎ እኔም እንደዛ ነው ያሰብኩት" ነው የሚላችሁ።

ኤዲቲንግ ከመግባታችሁ በፊት የደቂቃ ወረቀታችሁን እና የነሱን መልስ ጎን ለጎን አድርጉ። አንድ ሰው ብቻ ያለውን እለፉት፣ የእናታችሁ ቢሆንም። ብዙ ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተቁነጠነጠ ቁረጡ፣ ግን የተቁነጠነጡበትን ሾት ብቻ አትዩ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሱ በፊት ያለው ሾት ላይ ነው፣ እዛ ነው መርዘም የጀመረው። አንዳንዴ ደግሞ መቁረጥ ሳይሆን ድምፅ ነው የሚጎድለው፣ ከጎን ቤት የራድዮ ድምፅ ስትጨምሩበት ያው ሾት አጠረ ብላችሁ ትገረማላችሁ።

ሁለተኛ ዙር ስታሳዩ ሰዎቹ አዲስ ይሁኑ፣ አንዴ ያየ ሰው ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ሰብታይትል ስለማያስፈልገው ውጪ ያሉ ጓደኞቻችሁም አማርኛ ለማይችሉ የስራ ባልደረቦቻቸው ማሳየት ይችላሉ፣ ዩቲዩብ ላይ አንሊስትድ (ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ የሚያገኘው) አድርጋችሁ ሊንኩን ላኩላቸው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ በሚባለው የቻናላችሁ መቆጣጠሪያ ውስጥ ሰው የቱ ጋ እንደወጣ የሚያሳይ ግራፍ አለ፣ ግን ጥቂት ሰው ብቻ ካየው ብዙም አትመኑት።