ትራክተሩ እየሠራ ድርግም ካለባችሁ የናፍጣ ፖምፓውን ከማስፈታታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ቆቦ ሜዳ ላይ እርሻ ሲጀመር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፣ "ትራክተሩ እየሠራ ጠፋ፣ ፖምፓው ሞቷል አሉኝ ምን ላርግ"። አብሽሩ፣ ብዙውን ጊዜ አልሞተም። የኔው ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው፣ ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ፣ በፈረንጅ 1964 መመረት የጀመረ ሞዴል ስለሆነ በዕድሜ አጎቴ ማለት ነው ግን ንጹህ ናፍጣ ካገኘና አየር ካልገባበት አይለግምም።

አቅም እያጣ እያጣ ሄዶ ከጠፋ ናፍጣ እያጠረው ነው። መጀመሪያ የሰርባትዮውን (የናፍጣ ታንከሩን) ክዳን ከፈት አርጉት፣ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ናፍጣው አይወርድም (አትሳቁ፣ ደርሶብኛል)። ከዛ ፊልትሮው (የናፍጣ ማጣሪያው) ሥር ያለችውን ብርጭቆ እዩዋት፣ ውሃ ካለ ከናፍጣው ተለይቶ ታች ተኝቶ ይታያችኋል፣ አፍስሱት፣ ፊልትሮው ከጠቆረ ቀይሩት።

ፊልትሮ ቀይራችሁም ካልተነሳ ወይ ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ አየር ገብቶበታል። በጎን ያለችውን የእጅ ፖምፓ ምላስ እየገፋችሁ መጀመሪያ የፊልትሮውን ብሎን ላላ አርጉ፣ አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲመጣ አጥብቁ፣ ቀጥሎ የዋናውን ፖምፓ ብሎኖች እንደዛው፣ መጨረሻ ላይ ወደ ኢንጀክተር የሚሄዱትን ቧንቧዎች ዳዶ ላላ አርጋችሁ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻውን) ምቱ፣ ናፍጣ ሲተፋ አጥብቁ። እዛ ጋ እጅ አታስጠጉ፣ በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። ምላሷ ልል ሆና ምንም ካልገፋች ደግሞ ተበላሸች ብላችሁ አትፍቷት፣ ሞተሩ ውስጥ እየዞረ እሷን የሚገፋው ካም ገፍቷት ስለቆመ ነው፣ ሞተሩን ትንሽ አዙሩት ትመለሳለች።

አምና ሁለት ቀን ሙሉ ማሳ ላይ ቆሞብኝ አንድ ጋራዥ ፖምፓው ይፈታ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ ብዬ ቧንቧውን በጨርቅ እየጠረግኩ ሳይ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) ዙሪያዋን ረጥባለች፣ አሮጌዋን መልሼ የገጠምኩት እኔው ነኝ! ናፍጣ የምታስወጣ ቀዳዳ አየርም ታስገባለች። አዲስ ለማምጣት ኮምቦልቻ ድረስ ከምሄድ ብዬ ፍም ላይ ቀይ እስክትሆን አግዬ ውሃ ውስጥ ጣልኳት፣ መዳብ እንደዛ ሲሆን ይለሰልሳል፣ አጠበቅኩ አየሩን አስወጣሁ ተነሳ።

ጥቁር ጭስ ካበዛ የአየር ፊልትሮውን እዩ፣ ዘይት ውስጥ የሚቀመጠው ዓይነት በቆቦ አቧራ ቶሎ ጭቃ ይሆናል፣ እጠቡትና ዘይቱን እስከ ምልክቱ ብቻ ሙሉ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይ ቫልቭ፣ እሱ የጋራዥ ሥራ ነው።

ከጋለ ራዲያተሩ ፊት የተሰገሰገውን ገለባ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በውሃ ግፉት፣ ቺንጋው (የማራገቢያው ቀበቶ) ላልቶም ከሆነ ወጥሩት። ትኩስ እያለ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ፊቱን ነው የሚያጣው።

ሞተሪኖው ካልዞረ መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ፣ መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል ወይ ገመዱ የሚታሰርበት የባትሪው ራስ ነጭ አፈር ይዟል፣ በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ መብራቱ ፍክት ብሎ ከቀረ ግን ችግሩ ሞተሪኖው ወይ ገመዱ ጋ ነው። ካንዴላ (በቤንዚን ሞተር ላይ እሳት የሚፈነጥቀው) ቀይር የሚላችሁ ካለ ደግሞ ተውት፣ ይሄ የናፍጣ ሞተር ነው ካንዴላ የለውም።

ናፍጣ በጀሪካን የምትገዙ ጀሪካኑን አሳድሩት፣ ጠዋት ስትቀዱ ሳትነቀንቁ በጨርቅ አጥልሉ፣ የታችኛዋን ሁለት ጣት ያህል ግን ሰርባትዮ ውስጥ አትጨምሯት።