ዌይን ሾርተርን ከባሱ ጀምሮ ማዳመጥ

የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹን የዌይን ሾርተርን «ፉትፕሪንትስ» ስትሰሙ መጀመሪያ ሳክስፎኑን ተዉት። ባሱን ያዙ። ሬጂ ወርክማን ያንኑ ሐረግ ይደጋግመዋል፤ አብራችሁት እስከ ስድስት ቁጠሩ፣ ወይም እንደ ዋልዝ ሁለቴ እስከ ሦስት። በስልክ ስፒከር ግን አትሞክሩት፣ ባሱ ይጠፋል።

እግራችሁ ምቱን ሲለምድ ወደ ቴነሩ፣ ማለትም ወደ ሾርተር ሳክስፎን ሂዱ። ዜማው አጭር ነው፤ በማይነር (ጠቆር ያለ ስሜት ባለው ቅኝት) የተሠራ ብሉዝ። ሾርተር አይቸኩልም። ትንሽ ይነፋና ዝም ይላል። እኔ የምሞትለት ለዚያ ዝምታ ነው፤ የሄርቢ ሃንኮክ ፒያኖ ጎልቶ የሚሰማው እዚያ ላይ ነዋ!

ቀጥሎ መለከተኛው ማይልስ ዴቪስ ይህንኑ ዜማ፣ ሾርተር በቀዳበት በዚያው በ1966 (እ.ኤ.አ.)፣ የቀዳውን ስሙ። ቶኒ ዊሊያምስ ከበሮውን ወደ አራት ምት ሲወስደው ቆጠራው ቢጠፋባችሁ አትደንግጡ። መለከቱና ሳክስፎኑ ዜማውን እስኪመልሱት ጠብቁ።