ተማሪዎች ከተለያዩ ምንጮች ያገኙትን መረጃ አዋሕደው እንዲጽፉ እንዴት ማስተማር ይቻላል?

አንድ ተማሪ ሦስት ጽሑፎችን አንብቦ የእያንዳንዱን ፍሬ ሐሳብ በየተራ ቢያሰፍር፣ አሳጥሮ ጻፈ እንጂ መረጃ አዋሐደ አይባልም። ውሕደት የሚኖረው ጽሑፎቹ ለአንድ ጥያቄ የሰጧቸው መልሶች ተገናዝበው፣ ከአንዳቸው ብቻ የማይገኝ መልስ ሲወጣ ነው። ስለዚህ የመምህሩ የመጀመሪያ ሥራ ጥያቄ መቅረጽ ነው። «ስለ ሐረማያ ሐይቅ ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ ግልበጣን ይጋብዛል፤ «በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ለምን ደረቀ?» የሚለው ግን ማመዛዘንን ይጠይቃል።

ቀጥሎ መምህሩ ሦስት አጫጭር ምንባቦችን ያዘጋጅ። አንዱ በሞተር እየተሳበ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ስለዋለው ውኃ፣ ሌላው ከሐይቁ ለሐረር ከተማ ይቀርብ ስለነበረው የመጠጥ ውኃ፣ ሦስተኛው ከተራቆቱ ኮረብታዎች ታጥቦ ወደ ሐይቁ ስለገባው ደለል የሚያወሱ ቢሆኑ ይመረጣል።

ተማሪዎቹ አንብበው ሲጨርሱ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፤ በየዓምዱ አናት ምንጮቹን፣ በየረድፉ መጀመሪያ ደግሞ «ውኃው በምን ምክንያት ቀነሰ?»፣ «ማስረጃው ምንድን ነው?» የሚሉትን ንዑሳን ጥያቄዎች ይጻፉ። ሳጥኖቹን የምንባቡን ዐረፍተ ነገር ሳይገለብጡ በራሳቸው ቃል ይሙሉ፤ ምንጩ ያላነሳውን ነገር ባዶ ይተዉት፣ ምክንያቱም አንድ ጸሐፊ በዝምታ ያለፈው ጉዳይም ሊጤን ይገባዋል።

ዋናው ትምህርት ያለው ሰንጠረዡን ወደ ጎን፣ ረድፍ በረድፍ በማንበብ ላይ ነውና እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ደለልንና መስኖን እንደ ተፎካካሪ ምክንያቶች አይተው አንዱን ለመምረጥ ይጣደፋሉ። መምህሩ መልሱን ከመንገር ይልቅ «ደለሉ ባይኖር ኖሮ ሞተሮቹ ሐይቁን በዚያው ፍጥነት ያደርቁት ነበር?» ብሎ ይጠይቃቸው። ደለል ሐይቁ ሊይዝ የሚችለውን የውኃ መጠን እንደሚቀንስ፣ በዚህም የተነሣ የሚቀዳው ውኃ የሚያደርሰው ጉዳት እንደሚከፋ ራሳቸው ሲደርሱበት፣ ሁለቱን ምንጮች አገናኙ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ምንባቦቹን ዘግተው ከሰንጠረዡ ብቻ ይጻፉ። እያንዳንዱ አንቀጽ «የመጀመሪያው ጸሐፊ እንዳለው» ብሎ ከመጀመር ይልቅ በተማሪው በራሱ ድምዳሜ ይጀምር፤ ማስረጃዎቹም ከነምንጫቸው ይከተሉት። ምንጮቹ የሚጋጩበት ቦታ ካለ ልዩነቱ በግልጽ ይጻፍ እንጂ አይድበስበስ። በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ የቆመ አንቀጽ ሲገኝ፣ መምህሩ የቋንቋ ስሕተቱን ከማረሙ በፊት ተማሪውን ወደ ሰንጠረዡ ይመልሰው።

በመጨረሻም ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ዳግም ውኃ መያዙን የሚገልጽ አራተኛ ምንባብ ይሰጣቸውና ከጻፉት ድምዳሜ የትኛው እንደሚጸና፣ የትኛው እንደሚሻሻል ለይተው እንዲያርሙት ይደረግ።