ከጎንደር ተነስታችሁ የአየርላንድን ሙዚቃ ልትሰሙ ካሰባችሁ

መጀመሪያ ቪዛውን ጨርሱ። አየርላንድ ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ) ውስጥ የለችም፤ የሸንገን ቪዛ አለኝ ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ የራሷን ትጠይቃለች።

ደብሊን ሁለት ቀን ይበቃል። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ክሌር አውራጃ ሂዱ። ዱሊን የምትባል ትንሽ መንደር አለች (ከደብሊን ጋር እንዳትምታታባችሁ)፣ ማታ ማታ መጠጥ ቤቶቿ ውስጥ ሙዚቃ አለ። በሰኔ መጨረሻ ከደረሳችሁ ደግሞ እዚያው ክሌር ሚልታውን ማልቤይ ላይ በፈረንጆቹ ከ1973 ጀምሮ የሚካሄድ የሙዚቃ ሳምንት አለ፤ ማደሪያ ግን ቀደም ብላችሁ ያዙ።

አዝማሪ ቤት የለመድነውን እዚያ እርሱት። ብዙ ጊዜ መድረክ የለም፤ ቫዮሊን፣ ዋሽንትና አኮርዲዮን የያዙ ሰዎች ጥግ ላይ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ይጀምራል፣ ዜማውን የሚያውቅ ይገባበታል። የፍየል ቆዳ የተወጠረበት ቦድራን የሚሉት ከበሮም አላቸው፣ በአጭር እንጨት ነው የሚመታው። ስማችሁን ጠርቶ የሚያወድስም የሚሸነቁጥም የለም። ግንባር ላይ ብር መለጠፍማ በፍጹም! መሸለም ካማራችሁ ቢራ ጋብዙ። መሃላቸው ባዶ ወንበር ብታዩም ዘው ብላችሁ አትቀመጡ፣ የተጫዋች ቦታ ነው።

ቀን ላይ የሞኸር ገደልን እዩ፣ ከዱሊን ቅርብ ነው። ከፍታው እስከ 214 ሜትር ይደርሳል፤ ስሜንን ላየ ሰው ይሄ ምኑም ላይሆን ይችላል፣ ከስሩ የሚናወጠው ግን አትላንቲክ ነው። ጃንጥላ አትያዙ፣ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይሻላል።