የመንጋጋ ኦፕሬሽን ለምታደርጉ፣ ስለ ብሮሜሌን

መንጋጋችሁን ልትሰሩ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ። ብሮሜሌን የሚባል ሰፕልመንት አለ፣ ከአናናስ ግንድ የሚወጣ ኢንዛይም ነው፣ እኔ ሰርጀኔን አስፈቅጄ ነው የወሰድኩት፣ ለእብጠት ሲሆን በባዶ ሆድ ነው ምክንያቱም ከምግብ ጋር ከተወሰደ ምግቡን ሲፈጭ ነው የሚያልቀው። ጥናቶቹ ባብዛኛው የጥበብ ጥርስ (ከኋላ መጨረሻ ላይ የሚበቅለው መንጋጋ ጥርስ) ነቀላ ላይ የተሰሩ ናቸው፣ ውጤታቸውም ይለያያል፣ ስለዚህ ተአምር አትጠብቁ።

በናታችሁ ግን ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩ! እንደ ዋርፋሪን ወይ አስፕሪን ያለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድማት ሊበዛበት ይችላል፣ አናናስ አለርጂ ያለበትም ጭራሽ አይንካው። አናናሱን ብበላውስ ለምትሉ፣ ኢንዛይሙ በብዛት ያለው ግንዱ ላይ ነው፣ አሲዱ ደግሞ ስፌቱን ያቃጥላል።

እብጠቱ የሚብሰው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው፣ እኔ ጠዋት ስነሳ ጉንጬ ተወጥሮ ከንፈሬ አልገጥም ሲለኝ በጣም ደንግጬ ነበር፣ ያለ ነገር ነው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 20 ደቂቃ ያዙ 20 ደቂቃ አሳርፉ፣ ይሄ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው፣ ስትተኙም ትራስ ደራርባችሁ ጭንቅላታችሁን ከፍ አድርጉ። ከ3 ቀን በኋላም እየጨመረ ከሄደ ወይ ትኩሳት ከመጣ ለሐኪማችሁ ደውሉ፣ መተንፈስ ካስቸገራችሁ ግን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።