የቆየ የቤንዚን ትራክተር ሞተር ሲቆራርጥ ጥፋቱን ማግኛ

ሞተሩ ሲቆራርጥ የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን ቀላቃዩ) ላይ ነው። በቆዩ የቤንዚን ትራክተሮች ግን የካርቡራተር የሚመስለው ጥፋት ብዙ ጊዜ ከእሳቱ፣ ማለትም ከኤሌክትሪክ ብልጭታው ወገን ይወጣል። ስለዚህ ምንም ሳይፈቱ ሞተሩን ያዳምጡ። መቆራረጡ ልክ እንደ ልብ ምት በእኩል ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ አንድ ሲሊንደር ሥራ አቁሟል። ሥርዓት ከሌለው ደግሞ ሁሉም ሲሊንደሮች የሚጋሩትን ይጠርጥሩ፦ ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው)፣ ኮንደንሰር (ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀው)፣ ኮይል (ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው)፣ ሮተር (እየዞረ እሳቱን የሚያድለው) ወይም ነዳጅ።

የማይሠራውን ሲሊንደር ለመለየት ትራክተሩን ሜዳ ላይ አቁመው ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ ፍሬኑን ይያዙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገቡ። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስተው አንድ ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ በየሲሊንደሩ የጭስ መውጫ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ ያድርጉ። ቶሎ የማይተንበት ሲሊንደር አይሠራም። ሁለት ሲሊንደሮች አንድ መውጫ በሚጋሩበት ሞተር ይህ አያስተማምንም፤ እዚያ የካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው) ገመዶችን አንድ በአንድ መንቀል ያስፈልጋል። መያዣው የተሸፈነ ፒንሳ ይጠቀሙ፣ የነቀሉትን ገመድ ጫፍም ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኙት። በተለይ ማግኔቶ (ያለ ባትሪ እሳት የሚያመነጭ መሣሪያ) ያለው ሞተር ላይ ገመዱ ክፍት ከቀረ እሳቱ መውጫ አጥቶ የኮይሉን ሽፋን ሊበሳ ይችላል። ገመዱ ተነቅሎ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ጥፋተኛው ያ ሲሊንደር ነው።

አሁን ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩ። ጥፋቱ አብሮ ከሄደ ካንዴላው ነው። ካልሄደ ገመዱን፣ ከዚያም የዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ይመልከቱ። ክዳኑ ውስጥ እንደ እርሳስ መስመር ያለ ቀጭን ጥቁር ሰረዝ ካለ እሳቱ በስንጥቁ እየሸሸ ነው፤ ክዳኑ ይለወጥ። በጨለማ ሞተሩን አስነስቶ ማየት ሰማያዊ ብልጭታ የሚያሾልከውን ገመድ ወዲያው ያጋልጣል።

እዚህ ሁሉ ላይ ምንም ካልተገኘ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ይለኩ፦ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ እሳቱ ጠፍቶ፣ ጋዙ (የነዳጅ መስጫው) ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ካለፈ ችግር አለ። ደካማው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ደግመው ይለኩ። ከጨመረ የፒስተን ቀለበቱ አልቋል፤ ካልጨመረ ቫልቩ አይገጥምም። ሁለት ጎረቤታም ሲሊንደሮች አንድ ላይ ዝቅ ካሉ በመካከላቸው የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተቃጥሏል።

ሥርዓት የሌለው መቆራረጥ የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ መጀመሪያ የሚታየውም ፑንቲና ነው። ክፍተቱ የሚለካው ካሙ (የሚገፋው የዘንጉ ጉብታ) ፑንቲናውን ከሁሉ በላይ ከፍቶ በያዘበት ቦታ ነው። ልኩ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፦ ዲስትሪቢውተሩ ከፊት ለሆነው ፎርድ 8ኤን 0.38 ሚሊ ሜትር፣ ከጎን ለሆነው 0.64 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ዲስትሪቢውተሩ ፋርማል ኤች 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ገጹ ከተበላ በስስ ሞረድ ያስተካክሉት። የብርጭቆ ወረቀት አይጠቀሙ፤ ፍርፋሪው በመካከሉ ተቀርቅሮ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከሞረዱ በኋላ ንጹሕ ደረቅ ወረቀት በመካከሉ ይጎትቱ፣ ካሙንም የምስር ፍሬ በምታህል ግሪስ ይቀቡ። ከዚያ የሮተሩን ዘንግ ወደ ጎን ይነቅንቁ። ክፍተቱ አብሮ የሚለዋወጥ ከሆነ ቡሺንጉ (የዘንጉ መያዣ ቀለበት) አልቋል፤ ያኔ የፈለገውን ያህል ቢስተካከል ሞተሩ ደግሞ መቆራረጡ አይቀርም።

ፑንቲናው በጥቂት ሰዓት ሥራ እየጠቆረ የሚቃጠል ከሆነ ኮንደንሰሩን ወይም ቮልቴጁን ይጠርጥሩ። ከ6 ቮልት ወደ 12 የተቀየረ ትራክተር ላይ አሮጌው ኮይል ያለ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ መቀነሻ) ከቀረ ፑንቲናውንም ራሱንም ያቃጥላል። ቀዝቅዞ ጥሩ የሚሠራና ሲሞቅ የሚቆራርጥ ሞተር ላይ ደግሞ ኮንደንሰርና ኮይል ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ሞተሩ ሞቆ በተቆራረጠበት ቅጽበት እሳቱን ይፈትሹ፤ 6 ሚሊ ሜትር የሚዘል ወፍራም ሰማያዊ እሳት ጤናማ ነው፣ ቀጭን ቢጫ ደግሞ ደካማ። ፍተሻው ቤንዚን ካለበት ራቅ ይበል።

እሳቱ ጤናማ ሆኖ ከተገኘ ነዳጁ ላይ ይሂዱ። ከታንከሩ በራሱ ክብደት በሚወርድ መስመር ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ የካርቡራተሩን ማፍሰሻ ቡሎን ፈትተው ቤንዚኑን በዕቃ ይቀበሉ። ለብዙ ደቂቃ ሳይቀጥን መፍሰስ አለበት። እየቀጠነ ከመጣ የታንከሩን ክዳን ይፍቱ፤ ወዲያው ከተሻለው የክዳኑ ትንፋሽ ማውጫ ተደፍኗል። ካልተሻለው የታንከሩ ወንፊት ዝገት ይዟል። በተቀበሉት ዕቃ ሥር የሚንከባለል ጠብታ ካዩ ውኃ ገብቷል።

በዝቅተኛ ዙር ብቻ የሚቆራርጥና ጋዝ ሲሰጡት የሚስተካከል ሞተር ብዙ ጊዜ በኮሌክተሩ (ከካርቡራተር ወደ ሲሊንደር በሚያስገባው ቧንቧ) ጋርኒሲዮን አየር ይስባል። ሞተሩ እየሠራ መጋጠሚያው ላይ ውኃ ይርጩ፣ ቤንዚን ግን በፍጹም፤ ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ቀዳዳው አለ። ይህ ሁሉ ተፈትሾ ካርቡራተሩ ብቻ ሲቀር ይፍቱት። ከመፍታትዎ በፊት የማስተካከያው ብሎን እስኪቀመጥ ስንት ዙር እንደገባ ቆጥረው ይጻፉ፤ ሲገጥሙ በዚያው ቁጥር ይመልሱት።