አረንጓዴ ኬሚስትሪን በሽንኩርት ልጣጭና በእንዶድ ማስተማር

«አረንጓዴ ኬሚስትሪ» የሚል ማስታወቂያ ስትለጥፉ ግማሹ ሰው ችግኝ ተከላ ይመስለዋል። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ፍቱት፦ መርዙን ከሠሩ በኋላ ማጽዳት ሳይሆን፣ ቀድሞውኑ እንዳይሠራ ማሰብ ነው። ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 እ.ኤ.አ. ያስቀመጧቸው 12 መርሆች አሉ፤ ሁሉንም ግድግዳ ላይ መደርደር ግን ማንንም አያስተምርም። ለመንፈቀ ዓመት ሦስቱ ይበቃሉ፦ ብክነትን ከምንጩ መከላከል፣ አደገኛውን አደጋው ባነሰ መተካት፣ ከሚታደስ ነገር መሥራት።

የትምህርት ቤታችሁ የኬሚስትሪ ክበብ ሥራውን ከራሱ ቤተ ሙከራ ይጀምር። በቢሮት (ፈሳሽ እየለካ በሚያንጠባጥብ ረጅም የመስታወት ቱቦ) የሚሠራ የተለመደ የአሲድና ቤዝ ሙከራ ለ10 ቡድን፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ሲደገም፣ ከአንድ ሊትር በላይ ፈሳሽ ይደፋል። በጠብታ ሲሠራ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃዋል።

መጀመሪያ ጠቋሚውን፣ ማለትም አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለየውን ፈሳሽ፣ አዘጋጁ። የአምስት ስድስት ቀይ ሽንኩርት ደረቅ ልጣጭ በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ ቀቅሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ 15 ደቂቃ የሚበቃው ደብረ ብርሃን ላይ 25 ቢወስድ አይግረማችሁ። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥሉት። በአሲድ ወደ ሮዝ፣ በቤዝ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ይለወጣል። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ስለማይቆይ ወረቀት ነክሮ በጥላ ማድረቅ ይሻላል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ግን አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት ስላለበት አሲድ ሳይነካው በራሱ ቀለሙን ይለውጣል። የቡና ማጣሪያ ወረቀት ተጠቀሙ።

ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን አቼቶ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ አቅጥኑ። ከዚህ 10 ጠብታ ከ2 ጠብታ ጠቋሚ ጋር ነጭ ሲኒ ውስጥ አድርጉ። 0.4 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በውኃ ሟሙቶ 100 ሚሊ ሊትር እንዲሆን አድርጋችሁ፣ መነጽር አጥልቃችሁ፣ አንድ በአንድ ጨምሩ። 8 ወይም 9 ጠብታ ላይ ቀለሙ ይዞራል። 12 ከደረሰ ወይ የሁለቱ ድሮፐር ጠብታ እኩል አይደለም፣ ወይ የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ጠርሙስ ክፍት ቆይቶ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቧል። በረኪና ላይ የሞከረ ተማሪ ቀለሙ ጭራሽ ሲጠፋበት ግራ ይገባዋል፤ ያ ቤዝነት ብቻ ሳይሆን በረኪናው ቀለሙን ራሱን ማጥፋቱ ነው።

አደገኛውን አደጋው ባነሰ ለመተካት ደግሞ እንዶድን የሚያህል ምሳሌ የለም። 20 ግራም የተወቀጠ ደረቅ ፍሬ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ዘፍዝፉና በሚቀጥለው ቀን በጠርሙስ ናጡት፤ አረፋው ሳፖኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር የመጣ ነው። ሲወቀጥ አፍንጫና ዓይን ስለሚያቃጥል አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ። እዚህ ላይ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን ስህተት ከሥሩ ንቀሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ካጠቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነው። ዓሣም ይገድላል። እጣቢውን ወንዝ ውስጥ ሳይሆን ከወንዝ ራቅ ብሎ ደረቅ መሬት ላይ ድፉት።

ወደ ሕዝቡ ስትወጡ ከዕድር ስብሰባ በኋላ 10 ደቂቃ ብቻ ለምኑ፤ አንድ መልእክት ይዛችሁ ሂዱ። ተማሪው አያስተምር፣ ይጠይቅ፦ «እማማ፣ በረኪናውን ከምን ጋር ነው የሚያደርጉት?» መልሱ ሎሚ፣ አቼቶ ወይም የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ከሆነ ትምህርቱ እዚያው ተጀመረ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። «በረኪና ለብቻው» የምትል አጭር ቃል ከረጅም ንግግር ይልቅ ትቀራለች። በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀልን ግን ለማሳየት ብላችሁ በፍጹም አትሞክሩ።

ሞረትና ጅሩ ወይም ምንጃር ከሆናችሁ ጉዳዩ የአረም መድኃኒት ነው። «መድኃኒት» የሚለው ስም ራሱ ያዘናጋል፤ እናንተ «የአረም መርዝ» በሉት። ቱፎርዲ (2,4-D) የሚባለው የአረም መርዝ ስንዴና ጤፍን ትቶ ሰፊ ቅጠል ያለውን ስለሚያጠቃ፣ ንፋስ ባለበት ከተረጨ የጎረቤትን ምስርና ሽምብራ ያጠፋል። ባዶውን ጠርሙስ ሩብ ያህል ውኃ ሞልተው 30 ሰከንድ ንጠው ወደ መርጫው ይገልብጡት፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ይብሱት፣ የጠላ ወይም የውኃ መያዣ እንዳይሆን።

ከወር በኋላ ያንኑ ጥያቄ ለዚያው ዕድር ጠይቁ፣ መልሱን ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ደብተር ጎን ለጎን ጻፉ፤ መልሱ ያልተለወጠው ጥያቄ የሚቀጥለው ዙር ርዕሳችሁ ነው።